የጠጣር አካላት መለጠጥና የስምጥ ሸለቆው መሬት
በአዳሚ ቱሉና በአካባቢው ሁኔታ ላይ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ መንገደኛ ባቱን፣ በሌላ ስሟ ዝዋይን፣ አልፎ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደ ሄደ ከአዳሚ ቱሉ ይደርሳል። ስሙ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው። በስተ ግራ የአሉቶ ተራራ ይታየዋል። የቡልቡላ ወንዝም ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ በዚሁ ሜዳ በኩል ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። ከብቱ ይግጣል፤ ገበያተኛው በጋሪ ይመላለሳል፤ መኪናው በአስፋልቱ ላይ ይከንፋል። ሜዳው ለጥ ያለና ጸጥ ያለ ስለሆነ ከእግሩ በታች ያለው መሬት ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ የሚጎተት አካል መሆኑን ለመንገደኛው የሚነግረው ምንም ነገር የለም።

የዚህ ንግግር ርእስ ጠጣር አካላት ኃይል ሲያርፍባቸው እንዴት እንደሚለጠጡና ቅርጻቸውን እንደሚለውጡ ነው። ርእሱ የምሕንድስና ተማሪ ሁሉ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያገኘው፣ ፈተናውን አልፎ የሚወጣው፣ ከዚያም በኋላ በየሠንጠረዡና በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚቀር እምብዛም የማያስታውሰው ትምህርት ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቤት፣ መንገድና ድልድይ ለሚሠራ ባለሙያ ግን ይህ ትምህርት በሁለት በኩል ይመጣበታል፤ አንድም በሚሠራበት ብረትና ኮንክሪት፣ አንድም በሚሠራበት መሬት። ከዚህ በታች ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈው ዘመን በኢትዮጵያ፣ እ.ኤ.አ. ተብሎ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከብረቱ መጀመር ይቀላል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1676 አንድ ግኝት አለኝ ብሎ ፊደላቱን በተራ ደርድሮ እንደ እንቆቅልሽ አሳተመ። ፍቺውን የገለጸው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1678 ነበር። ፍቺውም መለጠጡ እንደ ኃይሉ መጠን ነው የሚል ነው። ቅኔ ለለመደ ሰው ሁክ ሰሙን አደባባይ አውጥቶ ወርቁን ለሁለት ዓመት የቀበረ ይመስለዋል። ሰውዬው ይህን ያደረገው ግን ሌላ ሰው ግኝቱን እንዳይቀድመው ሰግቶ ነው። ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1807 ባወጣው ትምህርቱ የእያንዳንዱ ቁስ ግትርነት በአንድ ቁጥር ሊገለጽ እንደሚችል አሳየ። ዛሬም ቁጥሩ በስሙ ይጠራል። ለብረት ይህ ቁጥር በካሬ ሚሊሜትር 200,000 ኒውተን ያህል ነው።

ቁጥሩን ከዕለት ሥራ ጋር ማገናኘት ይጠቅማል። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 10 ሜትር ፌሮ አንድ ጫፉ ከጣሪያ ጋር ታስሮ በሌላው ጫፍ 11 ኩንታል ተኩል ያህል ቢንጠለጠልበት፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ 100 ኒውተን ያርፍበታል። ፌሮው በዚህ ጊዜ የሚረዝመው 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሸክሙ ሲነሣለት ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል። ሸክሙ በአራት እጥፍ ቢጨመር 20 ሚሊሜትር ይረዝምና ብዙው የግንባታ ብረት ከሚሸነፍበት ነጥብ አጠገብ ይደርሳል። ከዚህ ነጥብ ካለፈ በኋላ ሸክሙ ቢነሣለትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ጥሩ ፌሮ ከተሸነፈ በኋላ ወዲያው አይበጠስም፤ ከመቶ 10 እጅና ከዚያም በላይ እየተለጠጠ ይቆያል። ከ10 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው መለጠጥ በስሌት ወረቀት ላይ ትርፍ ይመስላል። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ግን ሰው ከቤቱ ወጥቶ እንዲያመልጥ የሚያስችለው እርሱ ነው።

ኮንክሪት እንደዚህ አይደለም። ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲጎትቱት ግን ድኩም ነው። 10 ሜትር ርዝመት ያለው የኮንክሪት ግድግዳ ሲጎተት አንድ ሚሊሜትር ያህል እንደ ረዘመ ይሰነጠቃል። አንድ ሚሊሜትር የጥፍር ውፍረት ገደማ ነው። ይህች ቁጥር ከታች ስለምታስፈልግ አንባቢው ቢይዛት መልካም ነው።

ሁክ ያላነሣው ሌላ ጉዳይ ጊዜ ነው። አያቶች የሚተኙበት የጠፍር አልጋ አዲስ በተጠፈረበት ሰሞን እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው። ከዓመታት በኋላ ግን የተኛበት ሰው ክብደት ሳይጨምር መሐሉ ይረግባል። ክራር መቺውም ትናንት የቃኘውን ክር ዛሬ እንደገና ሳይቃኝ አይጀምርም፤ ክሩ በልኩ እንደ ተወጠረ ቆይቶ ውጥረቱ ረግቧልና። በመጀመሪያው ሸክሙ ሳይለወጥ ርዝመቱ ይጨምራል፤ በሁለተኛው ርዝመቱ ሳይለወጥ ውጥረቱ ይቀንሳል። ሁለቱም የአንድ ጠባይ ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ኮንክሪትም ይህ ጠባይ አለው። ካሳፎርማው በተነሣበት ቀን ቀጥ ብሎ የታየ ረጅም ቢም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመጀመሪያ ከጎበጠበት ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያም በላይ ጎብጦ መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም። በዚህም የተነሣ በሩ አልዘጋ ሲል አናጢው ይወቀሳል።

የሙቀትና የፍጥነት ነገር ደግሞ በባልጩት ላይ ጎልቶ ይታያል። ባልጩት በአሉቶ ተራራ ጎን እንደ ወንዝ ወርዶ የረጋ የእሳተ ገሞራ መስተዋት ነው። ትኩስ በነበረበት ጊዜ እንደ ሊጥ እየተሳበ ፈስሷል፤ ዛሬም የፍሰቱ መስመር በድንጋዩ ላይ ይነበባል። ቀዝቅዞ ሲመቱት ግን ቅንጣት ሳይለጠጥ እንደ ምላጭ በሰላ ጠርዝ ይፈነጠራል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በጋደሞታ ከ276,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። እነዚያን መሣሪያዎች የጠረቡ ሰዎች የምቱን ቦታና አቅጣጫ መርጠው ስንጥቁን ወደፈለጉበት መስደድ ያውቁ ነበር። በዚሁ አገር ቆዳ ሠራተኞች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በባልጩት ቆዳ ሲፍቁ ኖረዋል።

ስንጥቅ ለምን እንደሚሮጥ በሒሳብ የተገለጸው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። መስተዋት በውስጡ ባሉት ቅንጣቶች ትስስር ልክ ቢሆን ኖሮ እጅግ ብርቱ በሆነ ነበር። እንግሊዛዊው ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 እንዳስረዳው ለድክመቱ ምክንያት የሆኑት በውስጡ የተሰወሩ ጥቃቅን ስንጥቆች ናቸው። በስንጥቁ ጫፍ ላይ ኃይሉ ይከማቻል። በቀረው አካል ላይ የሚያርፈው ጫና ምንም ያህል አነስተኛ ቢሆን በዚያች ጫፍ ላይ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአንድን አካል ዕድል የሚወስነው በጠቅላላው የተለጠጠበት መጠን ብቻ አይደለም፤ መለጠጡ የት ላይ ተሰበሰበ የሚለው ጥያቄም አብሮ መመለስ አለበት። ይህ ነጥብ ከዚህ በታች ለሚነገረው ሁሉ መሠረት ነው።

እንግዲህ ወደ መሬቱ እንመለስ። በዝዋይ አንጻር የስምጥ ሸለቆው ስፋት፣ ከጉራጌ ተራሮች ግርጌ እስከ አርሲ ደጋ ግርጌ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምዕራቡና የምሥራቁ ግድግዳ በየዓመቱ እርስ በርስ ይራራቃሉ። ይህን ለመለካት የተጀመረው የሳተላይት መሣሪያ ከመገኘቱ በፊት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረውና የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ የሚለውን ስም ያወጣው የሥነ ምድር ሊቅ ፖል ሞር ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሸለቆው ውስጥ ቋሚ ምልክቶችን ተክሎ በብርሃን ጨረር ርቀታቸውን አስለክቷል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እነዚሁ ምልክቶች በጂ ፒ ኤስ ሲለኩ የመለያየቱ ፍጥነት በዓመት 4 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ሆኖ ተገኘ። በኋላ የተደረጉት መለኪያዎችም ከዚህ ብዙ አልራቁም፤ በዓመት 5 ሚሊሜትር ቢባል ለዚህ ንግግር ይበቃል።

5 ሚሊሜትር ከላይ የተጠቀሰው ፌሮ 11 ኩንታል ተኩል ሲንጠለጠልበት የረዘመው ርዝመት ነው። እዚያ በ10 ሜትር ላይ ነበር፤ እዚህ በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በመላው ስፋት እኩል ቢከፋፈል በዓመት ከመቶ ሚሊዮን 6 እጅ ያህል ይሆናል። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲጎተት የሚሰነጠቀው ከአሥር ሺህ አንድ ተኩል እጅ ያህል ሲለጠጥ ነው ተብሎ ቢያዝ፣ ይህን ለመሙላት 2,400 ዓመት ይፈጃል። መለጠጡ በ20 ኪሎ ሜትር ስፋት ውስጥ ቢሰበሰብ ደግሞ 600 ዓመት ይበቃዋል። ይህ የጨረፍታ ስሌት ነው። ድንጋዩ አስቀድሞ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ፣ በስንጥቁ ውስጥም ውኃና የቀለጠ ዐለት ስለሚገፋ፣ እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ይለያል። ቢሆንም የዘመኑ መጠን በሰው ዕድሜ ሳይሆን በመንግሥታት ዕድሜ የሚቆጠር መሆኑን ያሳያል። መሐንዲሱ የሚዘናጋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መለጠጡ እኩል አለመከፋፈሉ ደግሞ የታወቀ ነው። ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ አብዛኛው በሸለቆው ወለል ላይ በሚገኙት ጠባብ የስንጥቅና የእሳተ ገሞራ ቀበቶዎች ውስጥ ተሰብስቧል። ከአዳማ፣ ከወንጂና ከቦሰት አቅጣጫ የሚመጣው የወንጂ ቀበቶ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ በአሉቶ በኩል ያልፋል። በምዕራብ በኩል ከስልጤ ወደ ቢሾፍቱ የሚሄድ ሌላ ቀበቶ አለ። አዳሚ ቱሉ በሁለቱ መካከል፣ ወደ ምሥራቁ ቀርባ የተቀመጠች ናት።

ዐለቱ ጥልቀቱ ሲጨምር ጠባዩ ይለወጣል። በአሉቶ ላይ ከ1981 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ለእንፋሎት ኃይል ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ ሳይሞላ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ተገኝቶባቸዋል። በሸለቆው ውስጥ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ሲደረስ ዐለቱ እንደ ቀዝቃዛ ባልጩት መሰበሩን ትቶ እንደ ሊጥ መሳብ ይጀምራል። የታችኛው በዝግታ ሲሳብ የላይኛው፣ ተሰባሪው፣ ውጥረቱን እያጠራቀመ ይቆያል። የተጠራቀመው ሲለቀቅ መሬት ይንቀጠቀጣል።

የተለቀቀበትን ጊዜ ታሪክ መዝግቦታል። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ መጠኑ 6.5 ገደማ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መገባደጃ በካራቆሬ በደረሰው የማጀቴ ከተማ ፈርሳ መንገዱም ተሰነጣጥቋል። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ ጠፍታለች። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን እነዚህንና ሌሎችን ከገዳማት መዛግብት፣ ከመንገደኞች ማስታወሻና ከመሣሪያ ንባብ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አውጥተዋል። በአገሪቱ ለሚሠራ የሕንፃ መሐንዲስ ከዚያ መጽሐፍ የበለጠ ንባብ እምብዛም አይገኝም።

መለጠጡ በአንድ ቦታ ሲከፈል ምን እንደሚመስል ደግሞ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ ታየ። የቀለጠ ዐለት 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ድረስ ለያየው። በዚያ አካባቢ የመለያየቱ ፍጥነት በዓመት ከ16 እስከ 20 ሚሊሜትር ነው ቢባል፣ የ400 ወይም የ500 ዓመት ዕዳ በአንድ ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። በቅርቡም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ተመሳሳይ ነገር ተከሥቶ፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. መጠኑ 6 ገደማ የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዝግቧል። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው ተነሣ። በአዲስ አበባም በፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሌሊት በደረጃ ሲወርዱ ስለ ሕንፃቸው የጠየቁት ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የሚጠብቅ ነው።

ስለ አሉቶ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ አለቦታው ፍርሃት ያሳድራል። ከሳተላይት በራዳር የተወሰዱ ምስሎች እንደሚያሳዩት ተራራው እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2008 በእያንዳንዱ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተነፍቶ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተመልሶ ወርዷል። ተራራ ተነፋ ሲባል ሰው ቤቱ የተገለበጠ ያህል ይደነግጣል። ነገር ግን 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲከፋፈል ለ10 ሜትር ቤት የሚደርሰው የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ያህል ማዘንበል ነው። ተራ ሕንፃ ግድግዳው ሳይሰነጠቅ ከዚህ ብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ የመሠረት ልዩነት ይችላል። ለእሳተ ገሞራ ባለሙያው ይህ ንፋት ከባድ ምልክት ነው፤ ለግንበኛው ግን ምንም አይደለም። የተበተነ ለውጥ ቤት አያፈርስም።

ቤት የሚያፈርሰው የተሰበሰበው ነው። በዝዋይና በሻሸመኔ መካከል ባለው ሜዳ፣ አዳሚ ቱሉንም ጨምሮ በየስፍራው፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ በድንገት የሚከፈቱ ረጃጅም የመሬት ስንጥቆች ይታወቃሉ። ማታ ከብት የዋለበት ሜዳ ጧት በመቶ ሜትሮች ርዝመት ተተርትሮ ይገኛል። ስፋቱ አንዳንዱ እግር የሚያስገባ፣ አንዳንዱ ጋሪ የሚውጥ ነው። ጎርፉ ወደ ስንጥቁ ገብቶ ይጠፋል እንጂ በሌላ በኩል ሲወጣ አይታይም። ስንጥቁ መንገድ ካገኘ መንገዱን፣ ቤት ካገኘ ቤቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፈር ተደፍኖ ሣር ይበቅልበትና ይረሳል። የረሳው ሰው ልጅም በላዩ ላይ ይሠራበታል።

የስንጥቁ ምክንያት ምንድን ነው? በዚህ ላይ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል፤ ክርክሩም ለመሐንዲስ የሚጠቅም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ላእከ ማርያም አስፋው እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ጥናት ስንጥቆቹን ከመሬት መንቀጥቀጥና ከሸለቆው መለጠጥ ጋር አያይዘዋቸዋል። ለዚህ አስተያየት የሚረዳው የብዙዎቹ ስንጥቆች አቅጣጫ ነው፤ ከሸለቆው ስንጥቆች ጋር ተከታትለው ከሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳሉ። ተራ የአፈር መስመጥ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሥርዓት አይጠበቅበትም ነበር።

በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ አፈሩን ያመለክታሉ። የሜዳው አፈር ከጥንቱ ሐይቅ የቀረ ደለል፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ ነው። ፑሚስ ከባሕር ስፖንጅ የሚመሳሰል፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለው አፈር ደረቅ ሆኖ ሲቆይ ቅንጣቶቹ በቀጭን ትስስር ተያይዘው ይቆማሉ፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ጉድጓድ ሊቆፈርበት ይችላል። ውኃ ሲጠግብ ግን ትስስሩ ይሟሟና ያለ ምንም ተጨማሪ ሸክም በራሱ ክብደት ይወድቃል። ደቃቁም በውስጥ መንገድ እየታጠበ ይሄዳል። የዝናብ ወራት ለምን እንደሚመረጡ በዚህ ይገለጻል።

ሁለቱን አስተያየቶች እንደ ባላጋራ ማቆም ተገቢ አይመስልም። በዓመት 5 ሚሊሜትር የሚሄድ መለጠጥ በአንድ ሌሊት አንድ ሜትር ሊከፍት አይችልም፤ ዝናብም ብቻውን ለብዙ መቶ ሜትር ቀጥ ያለ መስመር አይሰምርም። ከታች ያለው ዐለት በመለጠጡ ምክንያት ተሰንጥቆ ባዶ ቦታ ያዘጋጃል። ከላይ ያለው ልፍስፍስ አፈር እንደ ድልድይ ሆኖ ለዓመታት ይሸፍነዋል። ውኃ መንገዱን ባገኘ ጊዜ ደቃቁን ወደ ታች እየወሰደ ዋሻ ይሠራል፤ ጣራው ሲቀጥን ይደረመሳል። ስለዚህ ስንጥቁ የተወለደበት ቀንና የታየበት ቀን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያውን ማንም ሊከለክለው አይችልም። ሁለተኛው ግን በከፊል በሰው እጅ ነው፤ ውኃው በሰው እጅ ስለሆነ።

ይህን የተረዳ መሐንዲስ በሥራው ላይ ብዙ ነገር ይለውጣል። በመንገድ ሥራ የታየው የተለመደው ስሕተት ስንጥቁን በተገኘው ገረጋንቲ ሞልቶ አስፋልት ማልበስ ነው። ሙሌቱ ደቃቅ ከሆነ በሚቀጥለው ክረምት ተከትሎ ይሄዳል፤ አስፋልቱም ባዶ ላይ ይቀራል። የተሻለው ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላይ እየደቀቀ የሚሄድ ጠጠር ጥሎ፣ ደቃቁ በትልቁ መካከል እንዳያልፍ ማድረግና የጎርፍ ቦዩን ከስንጥቁ መስመር አርቆ ማውጣት ነው። የቱቦ አፍ በስንጥቅ አጠገብ መክፈት ግን መንገዱን ራሱን ወደ ጉድጓዱ እንደ መምራት ይቆጠራል። የመስኖ ቦይና ኩሬም እንዲሁ ናቸው። በዝዋይ ዙሪያ የመስኖ እርሻ ተስፋፍቷል፤ ክረምት ብቻ ይርስ የነበረው አፈር ዛሬ በበጋም ይርሳል። ያልተለበጠ ቦይ በዚህ አፈር ላይ የሚያፈሰው ውኃ ለአትክልቱ ከመጥፋቱ ይልቅ ወደ መሬቱ መግባቱ የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል።

ለቤት ሠሪው ደግሞ የመጀመሪያው ምክር ከስንጥቁ መስመር መሸሽ ነው። ሌላ የሚተካው የለም። ከላይ እንደ ተነገረው 10 ሜትር ግድግዳ በአንድ ሚሊሜትር ይሰነጠቃል፤ አንድ ሜትር የሚከፈት መሬት ላይ ቆሞ የሚቀር መሠረት በዚህ ዓይነት በጀት አይሠራም። መስመሩን ለማግኘት ውድ መሣሪያ ሁልጊዜ አያስፈልግም። የአየር ፎቶግራፍ፣ ከዝናብ በኋላ ውኃ የሚጠፋበትን ቦታ መመልከት፣ ከሁሉም በላይ የአገር ሽማግሌን መጠየቅ ይበቃል። ላሟ የገባችበትን ገደል ዓመቱን ጠቅሶ የሚያሳይ ሰው በየቀበሌው አለ።

ከስንጥቁ ርቆም ቢሆን መንቀጥቀጡ ይከተላል። በዚህ ጊዜ ሕንፃውን የሚያድነው ጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ሳይሰበር መለወጥ መቻሉ ነው። የእንጨት ማገር ያለው የጭቃ ቤት ሲናወጥ ጭቃው ይረግፋል እንጂ እንጨቱ ተወዛውዞ መቆም ይችላል። ይህን ሲሰሙ የጭቃ ቤትን ማሞገስ የሚወዱ አሉ፤ ነገር ግን ምስጥ የበላው ማገር ምንም አያድንም። ያለ ፌሮ በተደረደረ ብሎኬት የተሠራው ቤት ግን ምስጥ ባይበላውም እንደ ባልጩት ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

በከተሞች በሚሠሩት ፎቆች ላይ ጉዳዩ በአንዲት ትንሽ ዕቃ ላይ ይወድቃል፤ ስታፋ በምትባለው። ኮለኑ ሲወዛወዝ የውጭው የኮንክሪት ሽፋን ይረግፋል። በዚያን ጊዜ ውስጠኛውን ኮንክሪት ጨምቆ የሚይዘውና ቁመቱን የቆመውን ፌሮ እንዳይጎብጥ የሚያግደው ስታፋው ነው። የስታፋው ጫፍ ወደ ውስጥ 135 ዲግሪ ከታጠፈ ይይዛል። በብዙ የግንባታ ቦታ እንደሚደረገው 90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ ሽፋኑ በረገፈበት ቅጽበት ይከፈትና ኮለኑ ያለ መቀነት ይቀራል። ያ ሁሉ ከመቶ 10 እጅ የሚለጠጥ ብረት ገንዘብ ወጥቶበት ሳይለጠጥ ሕንፃው ይወድቃል። የልዩነቱ ዋጋ በአንድ ስታፋ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሽቦና የፌሮ ሠራተኛው አንድ ተጨማሪ ማጠፊያ ነው። በኮለኑ ግርጌና ራስ ስታፋዎቹ መቀራረብ እንዳለባቸውም ሥዕሉ ላይ ይጻፋል፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን ማንም አያየውም።

የምድር ወለሉ ለሱቅ ተብሎ ያለ ግድግዳ ክፍት የሚተውበትን ልማድም ማንሣት ያስፈልጋል። በላይኛዎቹ ወለሎች የብሎኬት ግድግዳ ሞልቶ ግትር ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ ሕንፃው ሲናወጥ መለጠጡ ሁሉ በታችኞቹ ኮለኖች ላይ ይሰበሰባል። ስለ ስንጥቅ ጫፍ የተነገረው እዚህም ይሠራል። የ1995 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሕንፃ ሕግ ስምንተኛ ክፍል የስምጥ ሸለቆውን ከተሞች ከፍ ባለው የአደጋ ቀጠና መድቧቸው ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውም ከዚያ የጠበቀ ነው። ሕጉ እንግዲህ አለ። ሊታሰብበት የሚገባው ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት በካሳፎርማው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ስታፋውን የሚቆጥር ተቆጣጣሪ መኖሩ ነው።

በመጨረሻ ስለ መለካት ጥቂት መናገር ይገባል። አንድ ግድግዳ ተሰንጥቆ ሲገኝ ባለቤቱ የሚጠይቀው ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም ብሎ ነው። ከአንድ ጉብኝት በኋላ ለዚህ መልስ የሚሰጥ መሐንዲስ ይገምታል እንጂ አያውቅም። የቆየው ዘዴ አሁንም ይሠራል፤ በስንጥቁ ላይ ቀጭን መስተዋት በጀሶ ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል። መስተዋቱ ከተሰበረ ስንጥቁ እየሄደ ነው። መጠኑን ለማወቅ ደግሞ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ምስማር ተመትቶ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየወሩ በካሊፐር ይለካል። ሙቀት ግድግዳውን ስለሚያረዝመውና ስለሚያሳጥረው ልኬቱ ምንጊዜም በአንድ ሰዓት፣ ቢቻል ፀሐይ ሳትወጣ፣ ቢወሰድ ይመረጣል። በአዳሚ ቱሉ ዓይነት አፈር ላይ የቆመ ቤት ከሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ንባቦች በየሳምንቱ ቢወሰዱ፣ በአጠገቡም የዝናቡ መጠን ቢመዘገብ፣ ስንጥቁ የመሠረት መስመጥ ይሁን ወይም ከታች የሚመጣ ሌላ ነገር በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ ላይ ይለያል።